ስክሪን ሠርተን ለምን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን?

ስክሪን ምን እንደሆነ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ሁሉ ያውቃል። አንዱ ኳስ ይዟል፤ ጓደኛው መጥቶ በተከላካዩ መንገድ ላይ ይቆምለታል። ኳስ የያዘው በጓደኛው ጎን ታክኮ ሲያልፍ ተከላካዩ ይጋረዳል። ለአንድ አፍታ ሁለት ተከላካዮች "ማን ማንን ይያዝ?" የሚል ጥያቄ ውስጥ ይገባሉ። የስክሪን ጥቅሙ ይህችው አፍታ ናት። የምታባክኗትም እነዚህን ነገሮች አምናችሁ ነው።

"ስክሪን መግጨት ነው"

ስክሪን የሚሠራው ቀድሞ ደርሶ፣ እግሩን ተክሎ መቆም አለበት። ተከላካዩ እየሮጠ ከሆነ በፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ቢያንስ የአንድ መደበኛ እርምጃ ቦታ ሊተውለት ይገባል። ዳሌውን ወይም ጉልበቱን አውጥቶ ከገጨ ፋውል (ጥፋት) ነው፤ ኳሱም ለተጋጣሚ ይሰጣል። ከጉልበት ይልቅ አቋቋም ይበልጣል፦ ጀርባው ኳሱ እንዲሄድ ወደተፈለገበት አቅጣጫ ይዙር።

"ኳስ የያዘው ቶሎ ይፈትለክ"

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጓደኛው ገና ሳይቆም ይነሳል። ያ ምስኪን ጓደኛው ተከላካዩ እንዳያመልጠው ብሎ አንድ እርምጃ ይከተለዋል፣ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል። ፋውሉ ስክሪን በሠራው ልጅ ስም ይመዘገባል፤ ጥፋቱ ግን የቸኮለው ነው።

ጠብቀው። መጀመሪያ ተከላካይህን በአንድ ድሪብል (ኳሱን አንድ ጊዜ አንጥረህ) ወደ ተቃራኒው ጎን ውሰደው። ከዚያ ተመለስና ትከሻህን ከጓደኛህ ዳሌ ጋር አስጠግተህ እለፍ። በመሃላችሁ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ካለ ስክሪኑ ለጌጥ ነው። ካለፍክ በኋላም ፍጥነትህን ቀንስ፤ ተከላካይህን ከጀርባህ አስቀርተህ ከፊትህ ያለው የጓደኛህ ተከላካይ ምን እንደሚያደርግ እይ። ወደኋላ ካፈገፈገ ወርውር። ወዳንተ ከወጣ ጓደኛህ ነፃ ነው።

"ስክሪን የሠራው ሁሌም ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል"

ይህን የሚሉ ሰዎች የዩታ ጃዞቹን ጆን ስቶክተንንና ካርል ማሎንን ይጠራሉ። ስቶክተን በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ 15,806 አሲስት (ወደ ነጥብ የተለወጠ ቅብብል) ያለው ሰው ነው፤ ለማሎንም ብዙ ጊዜ አቀብሏል። ግን ማሎን መሮጥ ብቻ አልነበረም ሥራው፤ ወጣ ብሎ ከመካከለኛ ርቀትም ይወረውር ነበር።

የጎልደን ስቴቱን ድሬይመንድ ግሪንን ደግሞ እዩት። የቡድን ጓደኛው ስቴፈን ከሪ ሦስት ነጥብ እንዳይወረውር ሁለት ተከላካዮች ሲከቡት፣ ስክሪን የሠራለት ግሪን እስከ ቅርጫቱ አይሄድም። ፍፁም ቅጣት መስመሩ አካባቢ ቆም ብሎ ኳሱን ይቀበላል። ሁለቱ ከከሪ ጋር ቀርተዋል፤ ስለዚህ ከፊቱ ጨዋታው አራት ለሦስት ነው። አንዱ ሊያስቆመው ከወጣ ያ ሰው የተወው ተጫዋች ኳሱን ያገኛል።

"ተከላካዮቹ ሰው ከተቀያየሩ ከሸፈ"

በ2016 (እ.ኤ.አ.) የኤንቢኤ ፍፃሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ክሊቭላንድና ጎልደን ስቴት 89 ለ 89 ነበሩ። ካይሪ ኧርቪንግን የያዘው ክሌይ ቶምፕሰን ነው፤ ጥሩ ተከላካይ። ጄ አር ስሚዝ መጥቶ ስክሪን ሠራ። የስሚዝ ተከላካይ ከሪ ነበርና ተቀያየሩ። ክሊቭላንድም የፈለገው ይህንኑ ነው። ኧርቪንግ ከሪን ፊት ለፊት አገኘው፣ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ሦስት ነጥብ ወረወረ። ገባ፤ ሊያልቅ 53 ሰከንድ ገደማ ሲቀር። ጨዋታው 93 ለ 89 አለቀ፤ ክሊቭላንድም የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ።

እግረ መንገድ "ስክሪን የሚሠራው ረጅሙ ልጅ ነው" የሚለውም እዚሁ ይፈርሳል። ስሚዝ የተመረጠው በቁመቱ አይደለም። በተከላካዩ ነው።

"የቀሩት ሦስቱ ሥራ የላቸውም"

አላቸው፤ ሥራቸውም ቦታቸውን መያዝ ነው። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ኳስ ናፍቆት ወደ ውስጥ ሲገባ ተከላካዩን ይዞት ይመጣል። ከስክሪኑ የወጣውን የሚያስቆመውም ያው ተከላካይ ይሆናል። ስለዚህ እዚያው ጥጉ ላይ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ለመወርወር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።