መብረቅ ቀይ ልብስ አይመርጥም፦ ጎንደር ላይ ስለ ነጎድጓድና ሙቀት የሚባለውና እውነታው

በግንቦት አንድ ከሰዓት ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ከባሕር ዛፍ ስር ቆማ አየሁ። በደምቢያ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነጎድጓዱም እየቀረበ ነው። «እህቴ፣ ከዛፉ ስር ውጪ» ስላት፣ «አይዞህ፣ ቀይ ሹራቡን አውልቄለታለሁ» አለችኝ። ልጁ በስስ ሸሚዝ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን የጻፍኩት ለእሷና ለመሰሎቿ ነው።

«መብረቅ ቀይ ይወዳል።» መብረቅ ቀለም አይለይም። የሚቀናው ከፍ ብሎ ለብቻው በቆመ ነገር በኩል ወደ መሬት መውረድ ነው። ስለዚህ ለልጁ አደገኛው ዛፉ እንጂ ሹራቡ አልነበረም። ዛፍ ሲመታ ኃይሉ ከግንዱ አጠገቡ ወዳለው ሰው ይዘላል፤ በሥሩ ዙሪያም በመሬቱ ላይ ይሰራጫል። ዛፍ ስር የተጠለሉ ከብቶች በአንድ ጊዜ የሚረግፉት በዚህ ምክንያት ነው።

«ዝናቡ ሳይጀምር ምን መብረቅ አለ?» አለ እንጂ። መብረቅ ከደመናው 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ሊወርድ ይችላል። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግን ሳትቆጥሩም ግቡ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

የት እንግባ? ቤት፣ አለዚያም መስኮቱ የተዘጋ መኪና። መኪና የሚያድነው በብረት አካሉ ነው፤ ጎማው ምንም አያደርግም። ባጃጅ ጣሪያው ሸራ፣ ጎኑም ክፍት ስለሆነ መጠለያ አይሆንም። የቆርቆሮ ጣሪያ መብረቅ ይስባል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ሆኖም ከግድግዳው፣ ከቧንቧና ከኤሌክትሪክ ገመድ ራቅ በሉ።

«መብረቅ የሚመታው ኃጢአተኛን ነው።» ይህ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፤ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ እንዲያፍር ያደርጋልና። በአጼ ኢያሱ ዘመን የታነጸው የመጀመሪያው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሕንጻ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1707 በመብረቅ መውደሙ ይነገራል። ቤተ መቅደስ ምን ኃጢአት አለው? ኮረብታ ላይ ስለነበረ ነው። በዚያ ላይ «የተመታውን የነካ ይመታል» እየተባለ ሰው እየታየ ያለ እርዳታ ይሞታል። የተመታ ሰው በሰውነቱ ኤሌክትሪክ አይዝም። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያው ደረቱን ደጋግሞ መጫን፣ ትንፋሽ መስጠትና እርዳታ መጥራት ሊያድነው ይችላል።

«ስልኬ 60 በመቶ ብሎኝ አልዘነበም፤ ትንበያ ውሸት ነው።» 60 በመቶ ማለት ይህን በመሰሉ አሥር ቀኖች በስድስቱ ይዘንባል ማለት ነው፤ በቀሩት አራቱ አይዘንብም። ነጎድጓድ ደግሞ ጠባብ ቦታ ላይ የሚወርድ ነገር ነው፤ የጎንደር ማራኪ ሰፈር ደርቆ አዘዞ ሊጥለቀለቅ ይችላል። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን አሙቃ እርጥቡን አየር ወደ ላይ ስለምታስነሳው፣ ደመናው የሚፈነዳው በአብዛኛው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጠርቷል ብላችሁ ልጅ ከብት ጋር ሩቅ አትስደዱ።

«ሰመር እየመጣ ነው፣ ሙቀት ይበረታል።» የውጭ ዜና «ሰመር» የሚለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ነው። ያ ለእኛ ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ የቀኑ ሙቀት ዝቅ የሚልባቸው ወራት ናቸው። የእኛ ሙቀት የሚበረታው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ የሚያወጣው ትንበያ ነው፤ «ከመደበኛ በላይ» ሲልም የሚያነጻጽረው ከየአካባቢው የብዙ ዓመት አማካይ ጋር ነው።

«ደጋ ሰው ሙቀት አይጎዳውም።» ከጎንደር ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው ወጣት የሚጎዳው በዚህ እምነት ነው። በደጋ የኖረ ሰውነት ቆላውን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሥራው ይቀነስለት፣ ሳይጠማውም ውሃ ይጠጣ። ጓደኛችሁ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከተንገዳገደ ደክሞት ነው ብላችሁ አትለፉት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ሰውነቱን በውሃ አርሱና አራግቡለት፤ ይህን እያደረጋችሁም ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።