ዮጋ በመሃል አዲስ አበባ፦ ለአካልና ለአእምሮ የሚሰጠው ጥቅም

ዮጋ ከጥንታዊት ሕንድ የመጣ ልምምድ ነው። የሰውነት እንቅስቃሴን፣ አተነፋፈስንና ሐሳብ መሰብሰብን አንድ ላይ ይዟል። በመሃል አዲስ አበባ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው በጂምና በሆቴል ስፖርት ክፍሎች ነው። በአማርኛ ስለ ዮጋ የሚነበበው ጥቂት ነው፤ ያለውም ብዙ ጊዜ ወይ ያለልክ ያሞግሰዋል፣ ወይ ጭራሽ ያወግዘዋል።

የጥንታዊው ሕንዳዊ ሊቅ የፓታንጃሊ እንደሆነ የሚነገርለት ዮጋ ሱትራ የተባለ ጥንታዊ ጽሑፍ ስምንት የልምምድ ክፍሎችን ይዘረዝራል፤ የሰውነት አቋም ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ዛሬ በጂም የምናየው ዓይነት በአመዛኙ ቅርጽ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ብዙ አዲስ አበቤ የማያውቀው ነገር አለ። ዮጋ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። የማይዳሰሱ ቅርሶች ጥበቃ ኮሚቴ 11ኛ ጉባኤውን ያካሄደው ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ባለው የጉባኤ ማዕከል ነበር። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ሲወጡ የሚገኘው፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለበት ግቢ ማለት ነው። ሕንድ ያቀረበችው ዮጋ ኅዳር 22 ቀን በወካይ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። የራሳችን የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው። ለአዲስ አበባ ትልቅ ክብር ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሊነገርለት በተገባ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁን 21ን የዓለም የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሟል። ሐሳቡን 177 አገሮች ደግፈው አቅርበውታል። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ይውላል።

ወደ ጥቅሙ ስንመጣ፣ ጠንከር ያለ ማስረጃ ካለባቸው ጉዳዮች አንዱ የወገብ ህመም ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ካላቸው መንገዶች መካከል ዮጋ ይገኛል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በዚያው ዓመት ያወጣው ግምገማም፣ ምንም እንቅስቃሴ ካለማድረግ ጋር ሲነጻጸር ዮጋ የወገብን አቅም በመጠኑ እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ከሌላ የወገብ ስፖርት መብለጡ ግን አልተረጋገጠም። በስታዲየምና በአራት ኪሎ ዙሪያ ባሉ ቢሮዎች ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ውሎ፣ ማታ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ ለሚገባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለጀማሪ የሚሰጠው አንዱ እንቅስቃሴ ድመትና ላም ይባላል። በእጅና በጉልበት ይንበረከካሉ። አየር ሲያስገቡ ሆድን ወደ ታች ለቀቅ፣ ደረትን ቀና ያደርጋሉ። ሲያስወጡ ጀርባን ወደ ላይ ያጎብጣሉ፤ አገጭ ወደ ደረት ይጠጋል። እንቅስቃሴው ትንፋሽን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። አንድ ምንጣፍና ትንሽ ቦታ ይበቃዋል።

ለአእምሮ ከሚጠቅምባቸው መንገዶች አንዱ ትንፋሹ ነው። ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ በተለይ ማስወጫውን ማርዘም፣ የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ሰውነትንም ከውጥረት ያወጣዋል። ጥናቶች ዮጋ ውጥረትንና ጭንቀትን እንደሚቀንስ፣ የደም ግፊትንም በመጠኑ እንደሚያወርድ ያመለክታሉ። የታዘዘ መድኃኒትን ግን አይተካም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከቆላው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል አድርጎ ቢጀምር ይሻለዋል።

ዮጋ ሃይማኖት ነው ወይስ ስፖርት የሚለው ክርክር እኛም ጋ አለ። ከሂንዱ፣ ከቡድሃና ከጃይን እምነቶች ጋር ተሳስሮ ማደጉ አያጠያይቅም። በዚህ የተነሳ የሚጠነቀቁ የቤተ ክርስቲያንም የመስጊድም ሰዎች አሉ፤ ስጋታቸው መከበር አለበት። በሌላ በኩል ብዙ ጂሞች የሚያሠሩት ማሳሳብና አተነፋፈስን ብቻ ነው። ማንትራ የሚባለው ዜማ ይኑርበት አይኑርበት አሠልጣኙን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥንቃቄ የሚሹ ሰዎች አሉ። ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ያለበት ሰው በራስ መቆምን ከመሰለ ጭንቅላት ወደ ታች ከሚሆንበት አቋም መራቅ አለበት። ነፍሰ ጡሮች፣ የዲስክ መንሸራተት ያለባቸውና የደም ግፊታቸው ያልተስተካከለ ሰዎች መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ። እየሠሩ ሳለ የሚወጋ ህመም ከመጣ እዚያው ማቆም ነው።