ኮምባይነር ከፋብሪካ እስከ ማሳ፦ የሚባለው እና እውነታው

«ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል»
ሙሉው አይገባም። የ40 ጫማ ሃይኪዩብ (ቁመቱ ከተለመደው ከፍ ያለ) ኮንቴይነር በር ስፋቱ 2.34፣ ቁመቱ 2.58 ሜትር ገደማ ነው። መካከለኛ ኮምባይነር ሄደሩ (የፊት ማጨጃው) ተፈትቶም ስፋቱ ከ3 ሜትር ያልፋል፣ ቁመቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ወይ እየተነዳ ሮሮ (ተሽከርካሪ ጫኝ) መርከብ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ጎማው ወልቆ ፍላት ራክ በሚባል ጎንና ጣሪያ የሌለው ኮንቴይነር ላይ ይታሰራል። በፍላት ራክ ሲጫን ወደ ጎን የተረፈው አካል የሌሎች ኮንቴይነሮችን ቦታ ይይዛል፤ የዚያም ሒሳብ የሚመጣው ላኪው ላይ ነው።

«የመርከብ ዋጋው በክብደት ነው»
በሮሮ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በኪዩቢክ ሜትር ነው። 9 ሜትር ርዝመት፣ 3.5 ስፋትና 4 ቁመት ያለው ማሽን 126 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። የማሽኑን የእህል ጎተራ ማራዘሚያ አጥፎ፣ የጣሪያ መብራትና አንቴናውን ፈቶ ቁመቱን በ30 ሴንቲሜትር መቀነስ ብቻ 9 ኪዩቢክ ሜትር ተኩል ያህል ያተርፋል።

«ብራንዱ የጀርመን ከሆነ ሁሉ ነገሩ የጀርመን ነው»
የጀርመኑ ክላስ ኩባንያ ትሪዮን የተባለውን ኮምባይነር የሚገጣጥመው ጀርመን፣ ሃርዘዊንክል ከተማ ነው፤ ሞተሩ ግን የአሜሪካው ካሚንስ ነው። ኒው ሆላንድ ስሙን ያገኘው ከፔንስልቬንያ ከተማ ሆኖ ሳለ ትልቁ የአውሮፓ የኮምባይነር ፋብሪካው ቤልጂየም፣ ዜዴልጌም ይገኛል። መለዋወጫ ሲታዘዝ የማሽኑን ተከታታይ ቁጥር ብቻ መስጠት አይበቃም፤ የሞተሩም ለብቻው ይጻፍ።

«ያገለገለውን በውሃ ማጠብ በቂ ነው»
ብዙ ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ነው። ውሃ ከቀደመ ገለባውና አቧራው ይቦካና ጥጋጥጉን ይዞ ይደርቃል። በግፊት ሲረጭ ደግሞ ኩሽኔታና የኤሌክትሪክ ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ባሕር ላይ በቆመበት ይዝጋል። መጀመሪያ የታች ክዳኖች ሁሉ ይከፈቱ፦ የእህል ማንሻው ሥር፣ የጎተራው ወለል፣ የድንጋይ መያዣው። ሰው አርቆ መውቂያውን ባዶውን ለጥቂት ደቂቃ በከፍተኛ ፍጥነት ማዞር፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቅሎ ከላይ ወደ ታች በኮምፕረሰር መንፋት፣ ወንፊቶቹንም አውጥቶ ሥራቸውን መጥረግ ነው። ራዲያተሩ ጀርባ አይረሳ። ውሃው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ጭቃ ለያዘው ጎማና ለማሽኑ የታች አካል ብቻ። ያገለገሉ ማሽኖችን የሚመለከት ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጤና ደንብ በ2017 እ.ኤ.አ. ጸድቋል፤ አውስትራሊያ አፈርና ዘር ያገኘችበትን ማሽን በአስመጪው ወጪ ታስጸዳለች ወይም ትመልሳለች። የእህል ማንሻው ሥር የቀረች አንዲት እፍኝ ስንዴ ለዚህ ትበቃለች።

«ወደብ ደረሰ ማለት ለአጨዳ ደረሰ ማለት ነው»
ለአርሲ ስንዴ ማሽኑ ኅዳር ሳይገባ ማሳው አጠገብ መሆን አለበት፤ ከጅቡቲ በኋላ ገና የጉምሩክ ሥራና በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ዝቅ ያለ ተጎታች) የሚደረግ ጉዞ አለ። ከዚያ ሄደር መግጠም፣ ቺንግያ መወጠር፣ ዘይትና ግሪስ ማየት ይከተላል። ጎማው ወልቆ የመጣ ከሆነ የቸርኬው ቡሎኖች በመመሪያው ልክ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠበቁ፤ ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት በኋላም እንደገና፣ ቀለሙ ሥራቸው ሲጨመቅ ይላላሉና።