«የእንግዳ ጽሑፍ» ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«የእንግዳ ጽሑፍ እንቀበላለን፤ ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል ማስታወቂያ በየቴሌግራም ቻናሉ መታየት ከጀመረ ሰነባብቷል። ጠጋ ብሎ ለጠየቀ የሚመጣው መልስ የዋጋ ዝርዝር ነው፦ ጽሑፉን ራስህ ካመጣህ ይህን ያህል፣ እኛ ከጻፍንልህ ይህን ያህል፣ ሊንኩ ሁለት ከሆነ ጭማሪ አለው። የሚሸጠው ወደ ገዢው ገጽ የሚወስድ፣ ገጹንም በጉግል ፍለጋ ከፍ ያደርገዋል ተብሎ የሚፈለግ ሊንክ ነው፤ ጽሑፉ መጠቅለያው ነው። ነገሩ ማስታወቂያ ነውና ማስታወቂያ ይባል። ስሙ በተዛባ ቁጥር የሚጎዳው በቅንነት መጻፍ የሚፈልግ ሰው ነው። ለአንድ አዘጋጅ «የእንግዳ ጽሑፍ ልላክልዎት?» ብሎ ሲጽፍ ኢሜይሉ ሳይነበብ የሚጣለው በዚህ የተነሳ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው በራሱ ገጽ ያወጣውን ገልብጦ ከሥሩ «ከእገሌ ገጽ የተወሰደ» ብሎ መለጠፍ እንግዳ መጋበዝ እየተባለ ነው። ስም መጥቀስ ፈቃድ መጠየቅን አይተካም። ያልተጠየቀ ሰው እንግዳ ሊሆን አይችልም።

የእንግዳ ጽሑፍ ማለት አንድ ጸሐፊ የራሱ ላልሆነ ድረ ገጽ፣ ለዚያ ገጽ አንባቢዎች ብሎ እንደ አዲስ የጻፈው፣ የገጹ አዘጋጅ አንብቦና አርሞ የተቀበለው፣ በጸሐፊው ስም የሚወጣ ጽሑፍ ነው። አዲስ ካልሆነ ድጋሚ ኅትመት ይባላል፤ በፈቃድ እስከሆነ ድረስ ነውር የለበትም። ተከፍሎበት ከወጣ ማስታወቂያ ነው። በድርጅት ስም ከወጣ መግለጫ ነው። የብዕር ስም ግን ችግር አይደለም፤ አዘጋጁ እውነተኛውን ሰው እስካወቀ ድረስ እንግዳነቱን አያፈርስም።

ግራ መጋባቱ ከቃሉ ከራሱም የሚመጣ ይመስለኛል። በእኛ ልማድ እንግዳ እግሩ የሚታጠብለት፣ መደቡ የሚለቀቅለት ሰው ነው። ባለቤቱ ይደክማል፣ እንግዳው ይስተናገዳል። ለዚህ ሥራ የሚቀርበው ግን ደቦ ነው። ደቦ የተጠራ ሰው የራሱን ማጭድ ስሎ፣ በሰዓቱ ደርሶ፣ ባለ ማሳው ባሳየው በኩል ይገባል። የሚያጭደው የባለ ማሳውን ጤፍ ነው፤ እግረ መንገዴን የራሴን ዘር ልበትን አይልም። ጽሑፉ የማይፈልገውን የድርጅት ሊንክ በመካከል መሰግሰግ ግን ይኸው ነው። ያጨደውን ነዶ ወደ ሌላ ሰው ክምር አይወስድም። አንዱን ረቂቅ በአንድ ቀን ለሦስት አዘጋጆች የሚልክ ሰው ግን አንዱን ነዶ ለሦስት ክምር ቃል እየገባ ነው፤ ሁለቱ አርመው ለኅትመት ካዘጋጁ በኋላ «ይቅርታ፣ ሌላ ቦታ ወጥቷል» ይባላሉ፣ ከዚያ በኋላም ስሙን አይረሱም። ግዴለሽ አጫጅ ቃርሚያ ጥሎ ያልፋል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ያልታረመ ረቂቅ የሚልክም እንደዚሁ ነው።

ደቦ ጠሪውም ግዴታ አለበት። እንጀራና ጠላ ያሰናዳል፣ ወሰኑን ያሳያል። አዘጋጅም ርዝመቱን፣ የሚቀበለውን ርዕሰ ጉዳይ፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ መናገር፣ ለላከ ሰው መልስ መስጠት፣ ስሙንም በትክክል መጻፍ አለበት። ወሰን ሳያሳይ ቆይቶ «ለምን ወዲያ አለፍክ» የሚል ባለ ማሳ ጥፋቱ የራሱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ደቦ ካልን ወንፈልም ይነሳል፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። ጽሑፍ በዚህ መንገድ መለዋወጥ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ወገን አዲስ አንባቢ ያገኛል። ሊንክ ብቻ መለዋወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። «አንተ እኔን አገናኝ፣ እኔ አንተን» የሚለውን ከልክ ያለፈ ልውውጥ ጉግል በአይፈለጌ ይዘት (ስፓም) ደንቡ ውስጥ በጥፋትነት ዘርዝሮታል።

ጉግል ከተነሳ፣ አንድ አስተያየት ሰጪ «የእንግዳ ጽሑፍ እኮ ሞቷል፤ ጉግል ከገደለው ቆየ» ሲል አንብበን ይሆናል። ይህ አባባል መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 የጉግልን የድረ ገጽ አይፈለጌ ይዘት መከላከያ ቡድን ይመራ የነበረው ማት ከትስ፣ በፍለጋ ውጤት ከፍ ለማለት ሲባል የሚደረግ የእንግዳ ጽሑፍ ማብቃቱን ጻፈ። ዋናው ቁም ነገር «በፍለጋ ውጤት ከፍ ለማለት» የሚለው ነው። እሱ ራሱም ማብራሪያ ጨምሮ፣ አዲስ አንባቢ ለማግኘትና ሐሳብን ለማድረስ የሚጻፈውን እንዳልተቃወመ ግልጽ አድርጓል። ሰዉ ርዕሱን ይዞ ማብራሪያውን ተወው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ጉግል ያወጣው ማሳሰቢያም ያተኮረው በጅምላ በሚሠራው ላይ ነው፦ አንዱን ጽሑፍ በብዙ ገጾች መበተን፣ ጉዳዩን በማያውቅ ሰው ማስጻፍ፣ በቁልፍ ቃል የታጨቀ ሊንክ መሰግሰግ። ሞቷል የተባለው ንግዱ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደምናየው አልሞተም።

ሌላው ደግሞ «ከፍዬ ካወጣሁት፣ ገጹም ፈቅዶ ከተቀበለኝ ማን ምን አገባው?» ይላል። አንባቢውን ያገባዋል። አንባቢው የሚያነበው አዘጋጁ መርጦ ያቀረበለት መስሎት ነው። የኢትዮጵያ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት ተለይቶ እንዲታወቅ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። መክፈልም ሆነ መቀበል ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ መደበቅ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ከርዕሱ በላይ «ማስታወቂያ» ወይም «የተከፈለበት» ብሎ መጻፍ፣ ሊንኩ ላይም የፍለጋ ሞተሮች የሚያነቡትን «ስፖንሰርድ» የሚለውን ምልክት ማድረግ። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የመጣ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የነበረው «ኖፎሎው» (የፍለጋ ሞተር ሊንኩን ለገጹ ደረጃ እንዳይቆጥረው የሚጠቁም ምልክት) ብቻ ነበር፤ እሱም እስከ ዛሬ ያገለግላል። ጠንቃቃ አዘጋጅ ላልተከፈለበት የእንግዳ ጽሑፍም ቢሆን ሊንኮቹን ኖፎሎው ሊያደርጋቸው ይችላል። በዚህ መቀየም አያስፈልግም፤ አንባቢ ሊንኩን ሲነካው እንደ ማንኛውም ሊንክ ይከፈትለታል። ምልክቱ ያስከፋው ሰው የመጣው ለምን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ወደ አሠራሩ እንምጣ። ሐሳብ ከማቅረባችሁ በፊት የገጹን የመጨረሻ 10 ጽሑፎች አንብቡ። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ከ150 ቃል አይብለጥ። የምትጽፉትን ርዕስ፣ ዋናውን ሐሳብ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ይህ ሐሳብ ለዚህ ገጽ አንባቢ ለምን እንደሚጠቅም፣ እናንተ ስለ ጉዳዩ ከምን ተነስታችሁ እንደምትጽፉ አስቀምጡ፤ ቀድሞ የጻፋችሁት አንድ ሁለት ካለ አያይዙ። አዘጋጁን በስሙ፣ በአንቱታ ጥሩ። አቶ ይሁን ወይዘሮ ካላወቃችሁ ገምቶ ከመሳሳት ሙሉ ስሙን መጻፍ ይሻላል። ሁለት ሳምንት ጠብቁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ፤ ከዚያም መልስ ካልመጣ «ሐሳቡን ለሌላ ልሰጠው ነው» ብላችሁ በግልጽ አንሱት። በዝምታ ወደ ሌላ መላክ ነው ጣጣ የሚያመጣው።

በአማርኛ ለሚጻፍ ነገር ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ፋይሉ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ (ፊደላት በየኮምፒዩተሩ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲነበቡ በሚያደርገው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ) የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። በእነዚያ የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስለዚህ በዩኒኮድ ጽፋችሁ፣ በዎርድ ወይም በጉግል ዶክ ላኩ። ፒዲኤፍ አትላኩ፤ አይታረምም። ሌላው አራት ነጥብ ነው፦ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የተሠራ አራት ነጥብ መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ ለሁለት ሊከፈል፣ ግማሹም ለብቻው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ የኪቦርዳችሁን ቁልፍ ፈልጉ። ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ለዩ። ፀሐይ ወይስ ጸሐይ በሚለው ዓይነት ደግሞ የገጹን ልማድ ተከተሉ። በዚህ ላይ ከአዘጋጅ ጋር መከራከር የሰው ማሳ ላይ ስለ ትልም አወጣጥ መከራከር ነው።

ርዝመት ካልተነገራችሁ ከ800 እስከ 1,200 ቃል ይበቃል። ፎቶ ከጽሑፉ ውስጥ ከምትለጥፉት ለብቻው አያይዙት፤ ዎርድ ውስጥ የገባ ፎቶ ጥራቱ ሊቀንስ ይችላል። ጎኑ ቢያንስ 1,200 ፒክስል ይሁን፣ ያነሳውም ሰው ስም ይጻፍ። ከጉግል ፍለጋ የተወሰደ ፎቶ ባለቤት አለው፤ ክስ ቢመጣ የጋበዛችሁ ሰውም ሊጠየቅ ይችላል።

ስለ ጸሐፊው የሚጻፈው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ በሦስተኛ መደብ፣ ከ60 ቃል ሳይበልጥ። የራሳችሁ ገጽ ሊንክ ቦታው እዚህ ነው፤ አንድ ብቻ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገባ ሊንክ አንባቢውን የሚረዳ ማስረጃ መሆን አለበት። መፈተኛውም ይህ ነው፦ ሊንኩ የሌላ ሰው ገጽ ቢሆን ኖሮ እዚህ ቦታ ታስገቡት ነበር? በውጭ አገር ለሚወጣ ገጽ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ስለ ስማችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እዚያ ልማዱ ሰውን በመጨረሻ ስሙ መጥራት በመሆኑ ጽሑፉ ሁለተኛ ሲጠቅሳችሁ በአባታችሁ ስም ይጠራችኋል። አንድ መስመር ማስታወሻ ይህን ያስቀራል።

ረቂቁ ታርሞ ሲመለስ በሁለት ቀን ውስጥ መልሱት። ርዕሱ የአዘጋጁ ነው፤ አንባቢውን የሚያውቀው እሱ ነውና። ማሳጠርም ሥልጣኑ ነው። ሐሳቡን መለወጥ ግን አይደለም። «አንዳንድ» የነበረው «ሁሉም» ሆኖ ከተመለሰ ስማችሁ የሚቆመው ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሥር ነውና ከመውጣቱ በፊት በትሕትና ግን በግልጽ ተቃወሙ። ከወጣ በኋላ ስሕተት ካገኛችሁ በአደባባይ ሳይሆን ለአዘጋጁ ጻፉ።

ሲወጣ ሥራው አላለቀም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ ስጡ። ለወዳጆቻችሁ ስታጋሩም የጋባዡን ሊንክ አጋሩ። ሙሉ ጽሑፉን ገልብጦ በራስ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ በጣም የተለመደ ነው፤ «የራሴ ጽሑፍ አይደል?» ይባላል። ነው፤ ግን አንባቢው ወደ ጋባዡ እንዳይሄድ መንገዱን ዘጋችሁበት። ሁለት አንቀጽና ሊንኩ ይበቃል።

የደቦው ምሳሌ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። በደቦ ምርቱ ሙሉ በሙሉ የባለ ማሳው ነው። በጽሑፍ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ መብቱ ከጸሐፊው ጋር ይቆያል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአመንጪው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጠዋል፦ ኢኮኖሚያዊውን፣ ደግሞም በስሙ የመታወቅና ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም የሞራል መብት። የኢኮኖሚ መብቱ ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። እናም በነጻ የጻፈ ሰው ጽሑፉን አሳልፎ ሰጥቷል ማለት አይደለም፤ እንዲወጣ ፈቅዷል ማለት ነው። ጋባዡ ጽሑፉን በመጽሐፍ ልሰብስበው ቢል እንደገና መጠየቅ አለበት።

ጸሐፊውም ቆይቶ በራሱ ገጽ ሊያወጣው ቢፈልግ እንዲሁ ይነጋገር። አንዳንዱ ካኖኒካል የሚባለውን፣ ዋናው ጽሑፍ በየትኛው ገጽ እንዳለ ለፍለጋ ሞተር የሚጠቁመውን ምልክት ማድረግ ይበቃል ይላል፤ ጉግል ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቱ ድጋሚ ኅትመት ካኖኒካልን አይመክርም፤ ቅጂው ጭራሹን በፍለጋ እንዳይመዘገብ ማድረግን ነው የሚመክረው። ይህ ሁሉ ውል አያስፈልገውም፤ ረቂቁ በተላከበት ኢሜይል ላይ ይህን የመሰለ መስመር ይበቃል፦ «ጽሑፉ ሌላ ቦታ አልወጣም። በገጽዎ ላይ እንዲያወጡት ፈቅጃለሁ፤ ከወጣ ከ30 ቀን በኋላ እናንተን ጠቅሼ በራሴ ገጽ ባወጣው ይስማማሉ? በሌላ መልክ ለማሳተም ካሰቡ አስቀድመው ያሳውቁኝ።»