ሲቲ ስካን ላይ «ኬቪ» እና «ኤምኤ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። አይደሉም። ኬቪ (ኪሎቮልት) የኤክስሬይ ቱቦው የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነው፤ የጨረሩን ጉልበት ይወስናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 140 ይደርሳል። ኤምኤ (ሚሊአምፔር፣ በቱቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት) ደግሞ የጨረሩን ብዛት ይወስናል። ብዛቱ ሲያንስ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይጨመርም? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ያንን አሸዋ በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ያ ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ ታካሚው ላይ ነው።

ስለዚህ ዘመናዊ ማሽን ቱቦው ሲሽከረከር ኤምኤውን ራሱ ይቀያይራል። ትከሻ ላይ ከጎን ሲያልፍ ይጨምራል፣ ከፊት ሲሆን ይቀንሳል። አየር የሞላው ሳንባ ላይም ዝቅ ይላል። ደረት ሲነሱ «እጅዎን ወደ ላይ ያድርጉ» የሚባሉት አንዱም ለዚህ ነው፤ ክንድዎ ከጎን ከተኛ ማሽኑ ጨረር ይጨምራል።