የጨረር ሳንባ ብግነት ምንድን ነው? ከአመጋገብስ ጋር ምን አገናኘው?

የሳንባ ካንሰር ታማሚው የጨረር ሕክምናውን ከጨረሰ ሁለት ወር ሆኖታል። ተሻለው ሲባል ደረቅ ሳል ይጀምረዋል፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አንዳንዴም ያተኩሰዋል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሳንባ ምች ነው። አንቲባዮቲክ ተወስዶ ለውጥ ሲጠፋ ግን ነገሩ የጨረር ሳንባ ብግነት ሊሆን ይችላል።

ይህን ብግነት ጀርም አያመጣውም። ጨረሩ ዕጢውን ሲመታ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ሳንባም ይነካል። የአየር ከረጢቶቹን የሚሸፍኑ ሕዋሳት ይጎዳሉ፣ ግድግዳቸው ያብጣል፣ ኦክስጅን ወደ ደም መሻገር ያቅተዋል። የሚያዘናጋው ዘግይቶ መምጣቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሕክምናው ካለቀ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ነው።

ዋናው ወሳኝ የጨረሩ መጠን ነው። ሐኪሞች 20 ግሬይና (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ከዚያ በላይ የሚያርፍበት የሳንባ ክፍል ከ30–35 በመቶ እንዳይበልጥ አድርገው ያቅዳሉ። እዚህ ላይ ታማሚው የሚያደርገው ነገር የለም። አመጋገቡ ላይ ግን አለ።

የተለመደው ሕክምና 60 ግሬይ ለ30 ጊዜ ተከፋፍሎ በ6 ሳምንት የሚሰጥ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የምግብ ቧንቧ ይቆስልና ውሃ እንኳ ሲወርድ ያቃጥላል። ሰውም ሕመሙን ፈርቶ መብላት ይተዋል። 60 ኪሎ የነበረ ሰው 3 ኪሎ ሲቀንስ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ገባ ከማለት በቀር ማንም ልብ አይለውም፤ ግን 5 በመቶ ነው። አብሮ የሚሄደውም ጡንቻ ነው፣ የምንተነፍስበትና የምንስልበት ጭምር። ብግነቱ ሲመጣ የሚያገኘው ይህን የደከመ ሰውነት ነው። በዚያ ላይ ዕቅዱ የተለካው በቀድሞው ሰውነት ስለሆነ፣ ብዙ ከከሳ እንደገና መለካት ሊያስፈልግ ይችላል።

በአንዳንድ ጥናቶች በደማቸው ያለው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ዝቅ ያለባቸው ታማሚዎች ለብግነቱ ይበልጥ ተጋልጠው ታይተዋል። ይህን ግን «ባለመብላቱ መጣበት» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው፤ አልቡሚንን ካንሰሩ ራሱም ያወርደዋል።

በየሳምንቱ መመዘን፣ ከምግብ በፊት ማስታገሻ መውሰድ፣ ለስላሳ ነገር መመገብ ይረዳል። የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 90 ግራም መሆኑ ነው።

ብግነቱ ሲጠና የሚታዘዘው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ፣ ማለትም ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በድንገት አይቋረጥም። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ጡንቻ ግን ያሳሳል። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ የተመለሰው ኪሎ የጠፋው ጡንቻ ላይሆን ይችላል።