የብላክበርኑ ኢሲሲ83 ቫልቭ፦ የአሠራር ልዩነቶቹና የድምፅ ጥራቱ

ኢሲሲ83 በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትራዮድ (እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚለቅ ካቶድ፣ ፍሰቱን የሚቆጣጠር ግሪድና የሚቀበል አኖድ ያለው ማጉያ) የያዘ ባለ 9 ፒን ቫልቭ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሲግናልን የሚያጎላ አየር አልባ የመስተዋት ቱቦ ሲሆን አሜሪካኖች 12ኤኤክስ7 ይሉታል። የማጉላት አቅሙ 100 ነው። ከሸክላ ማጫወቻ ወይም ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ ሲግናል መጀመሪያ የሚቀበል በመሆኑ የራሱ እንከንም አብሮ ይጎላል።

ሙላርድ ከእ.ኤ.አ. 1927 ጀምሮ በፊሊፕስ እጅ የነበረ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። በላንካሸር፣ ብላክበርን ያቋቋመው ፋብሪካ በ1938 ሥራ ጀመረ። ስሙን ያስጠሩት የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ምርቶቹ ናቸው።

የቀደሙት አኖዳቸው ረጅም ነው፣ 17 ሚሊሜትር ገደማ። ኋላ ወደ 14 ሚሊሜትር አጠረ። ረጅሙ አኖድ በንዝረት ቶሎ ይርገበገባል፤ ከድምፅ ማጉያው ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ያፏጫል። ከላይ ያለው የጌተር (በቱቦው ውስጥ የቀረ አየር የሚመጥ ብረት) ቀለበትም በቀደሙት የዲ ቅርጽ ነበረው፣ በኋለኞቹ ክብ ሆነ።

ከብራንዱ ስም ይልቅ የሚታመነው ከመስተዋቱ ግርጌ ያለው ግራጫ ኮድ ነው። «አይ61» የዓይነቱ ምልክት ነው፤ መጨረሻው ቁጥር የማሻሻያውን ተራ ይነግራል። ከሥሩ «ቢ1ሲ2» ካለ፦ ቢ ብላክበርን፣ 1 የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ፣ ሲ መጋቢት ወር (ማርች)፣ 2 ሁለተኛው ሳምንት። አሥርተ ዓመቱ ስለማይጻፍ 1961ን ከ1971 የሚለየው የውስጥ አሠራሩ ነው። በቢ ፈንታ ሦስት ማዕዘን ካለ፣ ሙላርድ የሚል ቢታተምበትም የሆላንዱ የሄርለን ምርት ነው።

ብላክበርን መካከለኛውን ድምፅ፣ በተለይ የሰው ድምፅን፣ ሞላ አድርጎ ያወጣል። የጀርመኑ ቴሌፉንከን፣ ግርጌው ላይ የአልማዝ ቅርጽ የታተመበት፣ ይበልጥ ጥርት ይላል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ቀን በተሠሩ ሁለት ቫልቮች መካከልም ልዩነት ይኖራል፤ ግሪዱ ለካቶዱ ያለው ርቀት በጥቂቱ ሲለያይ የማጉላቱ መጠንና የሚያልፈው ጅረት ይለዋወጣሉ። ያረጀ ካቶድም ድምፁን ያደክማል።

ሲፈተሽ አኖዱ ላይ 250 ቮልት፣ ግሪዱ ላይ ከዜሮ በታች 2 ቮልት ይሰጠዋል፤ ጤነኛ ቫልቭ 1.2 ሚሊአምፔር አካባቢ ያሳልፋል። ሁለቱ ትራዮዶች ለየብቻ ይለካሉ። ከዚያ አምፕሊፋየር ላይ ተሰክቶ ከሞቀ በኋላ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ደወል የመሰለ ድምፅ ከሰጠ ደካማውን ሲግናል ለሚቀበለው የመጀመሪያ የማጉያ ደረጃ አይሆንም። ጌተሩ ብርማ መሆን አለበት፤ ከነጣ አየር ገብቶበታል፣ መለካቱም ዋጋ የለውም።

ካቶዱን የሚያግለው ማሞቂያ በ12.6 ቮልት ሲሠራ ከፒን 4 እና 5 ይገናኛል። በ6.3 ቮልት ከሆነ 4 እና 5 ተጣምረው አንድ ጫፍ፣ 9 ሌላው ጫፍ ይሆናሉ። በዚህ በሁለተኛው አያያዝ 12.6 ቮልት ከተለቀቀበት ማሞቂያው ይቃጠላል።

ሲጸዳ አልኮል አይነካውም፤ የብራንዱ ቀለም በአውራ ጣት ብቻ ይለቃል። የደበዘዘ ኮድ መስተዋቱን በትንፋሽ አጨፍግጎ ከጎን በመጣ ብርሃን ሲታይ ብዙ ጊዜ ይነበባል።